«መጀመሪያ የሚጥለው ይዳን» እያሉ ይመልሱኛል

አሰላሙ አለይኩም። የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ 11 ዓመቷ ነው። ታናሹ ወንድ ነው፣ 6 ዓመት ሆኖታል። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በሚሌ በኩል ጅቡቲ ስለሚመላለስ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። እኔ ፋብሪካ እሠራ ነበር፤ ልጁን የሚይዝልኝ ሳጣ ተውኩት።

ልጄ 2 ዓመት ገደማ ሲሆነው ጥቂት ቃላት ይል ነበር። በ2014 ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ሲመጣ ሸሽተን ደብረ ብርሃን ገባን። ስንመለስ ልጁ ዝም አለ። ሰው ሁሉ «ድንጋጤ ነው፣ ይተወዋል» አለኝ። አልተወውም። ስሙን ስጠራው አይዞርም። ደስ ሲለው እጁን ያርገበግባል። ቆርኪ እየሰበሰበ ሲደረድር ይውላል፤ አንዷን ካነሱበት እሪ ይላል።

በ4 ዓመቱ አንድ ጠዋት ቁርስ እየበላ ወደቀ። ተንፈራገጠ፣ አረፋ ደፈቀ። ትኩሳት አልነበረውም። ሲደጋግመው ፌኖባርቢታል የሚባል የሚጥለውን የሚከላከል መድኃኒት ተጀመረለት። መውደቁ ቀነሰ፣ አልሐምዱሊላህ። ግን እንቅልፍ አጣ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተው፣ መናከስ ጀመረ። ዘንድሮ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ድንገት ፍዝዝ ብሎ ይቀራል። አፉን እንደሚያኝክ ያደርጋል፣ ከዚያ ይመለሳል። ከስንት ልፋት በኋላ «ውሃ» እና «እማ» ማለት ጀምሮ ነበር፤ አሁን እሱንም ተወው።

ደሴ ያየው አንድ ሐኪም «ይሄ ኦቲዝም ነው፣ ፍዝዝ ማለቱም ጠባዩ ነው» አለኝ። ኦቲዝም ይመረምራሉ ወደተባልኩበት ስሄድ ደግሞ «መጀመሪያ የሚጥለው ይዳን፣ ከዚያ አምጪው» ብለው መለሱኝ። ሌላ ሐኪም የጭንቅላት ኤሌክትሪክ ምርመራ አዘዘ። ፀጉሩን እንኳ የማያስነካ ልጅ እንዴት አድርጌ? አማቴ «ያበላሸው መድኃኒቱ ነው፣ ተይውና ሸሁ ጋ ይዘነው እንሂድ» ትላለች። ዘመድ አዲስ አበባ ውሰጂው ይላል፤ ገንዘቡ የለም። ልጄ ያለበት የትኛው ነው? የትኛውን ልከተል? ወይስ በስደቱ ጊዜ እኔ ያጠፋሁት ነገር አለ?

እናት ነኝ፣ ከኮምቦልቻ

*

ወአለይኩም ሰላም እህቴ። አብሽሪ።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ከሁሉም የከበደሽ እሱ ይመስለኛል። በስደቱ ጊዜ ያጠፋሽው ነገር የለም። ልጆችሽን ይዘሽ ወጣሽ፣ በደህና መለስሻቸው። ኦቲዝም ከድንጋጤ አይመጣም። ከእናት አያያዝም አይመጣም። ልጁ ገና በማህፀን ሳለ ጀምሮ አንጎሉ ከሚያድግበት መንገድ ጋር የተያያዘ ነው፤ በዘር የሚወረሰውም ትልቅ ድርሻ አለው። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ጥቂት የማይባሉት የለመዷቸውን ቃላት የሚያጡት 2 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው። ይህ ቤቱን ለቆ በማያውቅ ቤተሰብም ይደርሳል። የልጅሽ ዕድሜና የጦርነቱ ወር ተገጣጠሙ፣ ሰውም ሁለቱን አገናኛቸው። ደሴና ኮምቦልቻ ያለን ሰዎች ያ ዓመት ብዙ ነገር ስለወሰደብን የጎደለውን ሁሉ ከእሱ ጋር ብናያይዝ አይፈረድብንም።

መፈናቀል ልጅን አይጎዳም ማለቴ አይደለም። የደነገጠ ልጅ ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ ልጁን የሚመረምረው ሰው ይህን ታሪክ ሙሉውን ይስማ፣ አትዝለይው። ግን ልጠይቅሽ፤ ከዚያ ጥቅምት በፊት እንዴት ነበር? ዓመት ሲሞላው የሚፈልገውን በጣቱ ይጠቁም ነበር? አንድ የሚገርም ነገር ሲያይ አንቺም እንድታዪለት ዞር ብሎ ፊትሽን ያይ ነበር? ቻው ሲሉት እጁን ያወዛውዝ ነበር? ከእህቱ በዚያ ዕድሜ በምን ይለይ ነበር? ምናልባት በባለቤትሽ ወይም በአንድ ዘመድ ስልክ ላይ የዚያ ጊዜ ቪዲዮ ይኖራል፤ የዒድ፣ የሠርግ፣ የሆነ ነገር። ፈልጊው። የአንድ ደቂቃ የቆየ ቪዲዮ ለመርማሪ ትልቅ ነገር ነው። ምልክቱ ከስደቱ በፊት ከነበረ እሱም ያያል፣ አንቺም ልብሽ ያርፋል።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄ። የትኛው ነው ብለሽኛል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ያሰብኩትም ይህንኑ ነው። ኦቲዝም ካለባቸው 10 ልጆች በግምት ከ1 እስከ 3 የሚሆኑት የሚጥል በሽታም አለባቸው። ከሌሎች ልጆች ጋር ሲነጻጸር ይህ በጣም ብዙ ነው። አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም። ሁለቱም ከአንድ የአንጎል አፈጣጠር ሊነሱ ይችላሉ። ችግሩ የሚመጣው ልጁ ላይ አንድ ስም ከተለጠፈ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያደርገው ነገር ሁሉ በዚያ ስም ይታለፋል። ፍዝዝ ሲል «ኦቲዝሙ ነው»፣ ሳይናገር ሲቀር «የሚጥለው በሽታ ነው» ይባላል። በልጅሽ የደረሰው ይኸው ነው። አንቺ አሁን የምትታገዪው አንዱ ስም ሌላውን እንዳይሸፍነው ነው።

በደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር አለ። እኔን ያስቆመኝ እሱ ነው። «ውሃ» እና «እማ» ማለት ጀምሮ ነበር፤ ፍዝዝ ማለቱ ከመጣ ወዲህ ተወው። በ2 ዓመቱ ቃል ማጣቱና በ6 ዓመቱ ያገኘውን መልሶ ማጣቱ እኩል አይታዩም። የመጀመሪያው በኦቲዝም የተለመደ ነው። ሁለተኛው፣ በተለይ ከአዲስ የመፍዘዝ ነገር ጋር ሲመጣ፣ ሳይዘገይ መታየት ያለበት ነው። አንዳንድ ልጅ ላይ፣ ብዙ ባይሆኑም፣ ቀን ብዙ ነገር ሳይታይ ሌሊት በእንቅልፍ ውስጥ የአንጎሉ የኤሌክትሪክ ምልክት ይረበሻል። ያ ደግሞ ቋንቋውን ያዳክማል። የልጅሽ እንደዚያ ነው እያልኩሽ አይደለም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ሐኪምም ቢሆን በደብዳቤ አይወስንም። ግን ሐኪም ፊት ስትቀርቢ ከአፍሽ የሚወጣው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይህ ይሁን፦ «ተናግሮት የነበረውን ሁለት ቃል ዘንድሮ አጥቷል፤ ያጣውም ፍዝዝ ማለት ከጀመረ ወዲህ ነው።» መውደቁንና ቆርኪውን ከዚያ በኋላ ትነግሪዋለሽ።

ፍዝዝ ማለቱን በተመለከተ ሥራው ባብዛኛው ያንቺ ነው። ሐኪሙ ልጅሽን የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ላይመጣ ይችላል። የሚጥል በሽታ ሲባል ሁላችንም የምናስበው መውደቅና መንፈራገጥ ነው፤ ሳይጥል የሚመጣም አለ። አንደኛው ዓይነት ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ልጁ ያቆማል፣ ያፈጣል፣ ምናልባት ሽፋሽፍቱ ይርገበገባል፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይቀጥላል። በቀን ብዙ ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ሌላው ረዘም ይላል፤ ግማሽ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ፣ ሁለትም። አፍ እንደማኘክ ያደርጋል፣ እጅ ልብስ ይነካካል። ሲያልፍ ልጁ ግራ ይጋባል ወይም ይተኛል። የጻፍሽልኝ ማኘክ ለዚህኛው የሚቀርብ ይመስላል። ለዚህ ነው «ጠባዩ ነው» ተብሎ እንዲታለፍ የማልፈልገው።

እንዴት ትለያለሽ? ስሙን መጥራት ለልጅሽ አይሠራም፤ በደህና ጊዜውም አይዞርም ብለሽኛልና። ትከሻውን ነካ አድርጊው። የሚወዳትን ቆርኪ ዓይኑ ሥር አምጪያት። በሐሳብ የሄደ ልጅ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፣ ወይ እጁን ይዘረጋል፣ ወይ ይቆጣል። የሚጥለው በሽታ ከሆነ እስኪያልፍ አይመለስም። የሚመጣበትንም ጊዜ ተመልከቺ። ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነው? ወይስ የሚወደውን ጨዋታ እየተጫወተ፣ እየጎረሰ፣ እየሮጠ መሃል ላይ ይቆርጠዋል? ልጅ የሚወደውን ነገር መሃል ላይ በራሱ ፈቃድ አይተውም። ጠዋትስ እንዴት ነው የሚነሳው? ተኝቶ ያደረ ልጅ ደክሞት፣ ምላሱን ነክሶ፣ ወይም ሳይለመድበት አልጋውን አርጥቦ ከተነሳ ሌሊት የሆነ ነገር አለ ማለት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ቅረጪው። ስልክሽ ይበቃል። ፊቱም እጁም ይታይ፤ መብራቱ ደህና ይሁን። ከመሃል ብትጀምሪም ግድ የለም። ሲያልፍ አታቁሚ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ደቂቃም ያዢ፤ መተኛቱና ግራ መጋባቱ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። አንድ ነገር ጨምሪበት፤ ደስ ብሎት እጁን ሲያርገበግብም ቅረጪው። ሐኪሙ ሁለቱን ጎን ለጎን ካየ የትኛው የልጁ ልማድ፣ የትኛው አዲስ ነገር እንደሆነ መለየት ይቀለዋል። ደብተር ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስንት ሰከንድ እንደቆየ፣ በፊት ምን ያደርግ እንደነበር ጻፊ። የመድኃኒቱን ሰዓትና ስንት ሰዓት እንደተኛም እዚያው ላይ አስፍሪ። ይህ ሁሉ የሚያስፈልገው ለክርክር ብቻ አይደለም። ለአንዱ ዓይነት የሚጠቅመው መድኃኒት ሌላውን ሊያባብስ ስለሚችል ነው። ለምሳሌ ካርባማዜፒን ለአንዳንዱ ዓይነት ጥሩ ነው፤ በጥቂት ሰከንድ ማፍጠጥ የሚመጣውን ግን ሊያባብስ ይችላል።

ስለታዘዘው ምርመራ። ኢ.ኢ.ጂ. ይባላል። ኤሌክትሪክ የሚለው ስም ሰውን ያስፈራል፣ ግን ወደ ልጁ ጭንቅላት የሚገባ ምንም ኤሌክትሪክ የለም። አንጎል ራሱ የሚያወጣውን ደካማ ምልክት ከላይ ሆኖ ያነባል፤ ቴርሞሜትር ትኩሳትን እንደሚያነበው ማለት ነው። አያምም። ፀጉሩ አይላጭም። ተራው ምርመራ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ እንቅልፍ የሚጨምረው ይረዝማል። ልጅሽን የሚያስቸግረው ትንንሽ ሽቦዎች እንደ ቅባት ባለ ነገር ጭንቅላቱ ላይ ሲለጠፉ ነው። ስለዚህ ከአሁኑ አለማምጂው። ዛሬ ግንባሩን ለአፍታ ንኪና ቆርኪ ስጪው። ነገ ፀጉሩን ትንሽ ቆየት አድርገሽ ንኪው። ከዚያ ጨርቅ ኮፍያ፣ ከዚያ ኮፍያውን አድርጎ መጫወት። ቀጠሮ እስኪደርስ ጊዜ ይኖርሻል። ከምርመራው በፊት ፀጉሩን እጠቢው፤ ቅቤም ቅባትም አታድርጊበት፣ ሽቦው አይያዝም። ለባለሙያው በግልጽ ንገሪ፦ «ልጄ ኦቲዝም ሳይኖርበት አይቀርም፣ መነካት አይወድም፣ ብዙ የምንጠብቅ ከሆነ ይረበሻል፤ ማለዳ የመጀመሪያ አድርጉልኝ።»

ተኝቶም ይቀረጽ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂው። ቃል ላጣ ልጅ የእንቅልፉ ክፍል ትልቅ ዋጋ አለው። ሐኪሙ ሌሊቱን አሳንሰሽ አስተኚው ካለሽ፣ የሚያስቸግርሽ መንገዱ ነው። እንቅልፍ የጎደለው ልጅ ሚኒባስ ውስጥ ከገባ ደሴ ሳትደርሺ ይተኛና እዚያ ሲደርስ ንቁ ይሆናል። አንድ ሰው አብሮሽ ይሂድና መንገዱን ሙሉ ያጫውተው። እንቅልፍ ማጣት ራሱ የሚጥለውን ሊቀሰቅስ ስለሚችል ይህን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በራስሽ እንዳታደርጊው። መድኃኒቱንም ተይ ካላሉሽ በዚያን ቀን አታስቀሪ።

ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ ሁለት ነገር ልብ በይ። ደህና ነው ቢሉሽ የሚጥል በሽታ የለም ማለት አይደለም፤ በዚያች ሰዓት አልታየም ማለት ነው። ያልተለመደ ነገር አለ ቢሉሽም ወረቀቱ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች አንዳንዶቹ አንድም ቀን ሳይጥላቸው ኢ.ኢ.ጂ.ያቸው ላይ ያልተለመደ ነገር ይታያል። ሐኪሙ ወረቀቱን ከቪዲዮሽና ከደብተርሽ ጋር ነው ማየት ያለበት። ኦቲዝም አለ ወይም የለም የሚል ኢ.ኢ.ጂ. የለም፤ የደም ምርመራም የለም።

መድኃኒቱን አታቋርጪ። ይህን ጠበቅ አድርጌ ነው የምነግርሽ። ፌኖባርቢታል በአንድ ጊዜ ሲቆም አያያዙ የማይቆም፣ ነፍስ የሚያሰጋ መንፈራገጥ ሊያመጣ ይችላል። ነገር ግን አማትሽ የተናገረችው ውስጥ እውነት አለ፣ እሱን አትጣይባት። ይህ መድኃኒት አንዳንድ ልጆችን እረፍት ያሳጣል፣ ያነጫንጫል፣ እንቅልፋቸውን ይረብሻል። አለመቀመጡና መናከሱ የጀመረው ከመድኃኒቱ በኋላ እንደሆነ ለሐኪሙ ንገሪ። መጠኑ የሚሰላው በክብደት ስለሆነ ልጁን እንዲመዝኑት ጠይቂ፤ በ4 ዓመቱ የተሰጠው ዛሬ ላይበቃ ይችላል። መለወጥ ካለበት ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይለውጠዋል። የጥርስ ሕመም ወይም የጆሮ ሕመምም እንዳለው ይታይለት። መናገር የማይችል ልጅ ሕመሙን በመናከስ ሊገልጸው ይችላል።

አማትሽን በተመለከተ ጠብ አያስፈልግም። የልጅ ልጇን ትወደዋለች። «ሸሁ ዱዓ ያድርጉለት፣ መድኃኒቱም ይቀጥል፤ አላህ በሁለቱም በኩል ያሽርልን» በያት። ከዚያ አንድ ኃላፊነት ስጫት። የመድኃኒቱን ሰዓት የምትጠብቀው እሷ ትሁን። «ተይው» ስትል የነበረውን መድኃኒት በእጇ ስትሰጠው ልቧ የሚለወጥ ይመስለኛል። ሲወድቅ ክብሪት ጭራችሁ የምታሸቱት ከሆነ ግን እሱን ተዉት፤ አይጠቅመውም። በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ አጥብቃችሁ አትያዙት፣ ሰዓት ተመልከቱ። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ከደገመው፣ በፍጥነት ሐኪም ቤት። ከምጣድና ከከሰል ምድጃ፣ ከቦርከና ወንዝ ዳርም አርቁት።

አሁን ወደመለሱሽ ሰዎች እንምጣ። «መጀመሪያ የሚጥለው ይዳን» ማለት ትክክል አይደለም። የሚጥለውን ለመቆጣጠር ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ዓመታትም። አንዳንዱ ጭርሱን አይተወውም። ልጁ ደግሞ እስከዚያ እያደገ ነው። የኦቲዝም ምርመራ በመነጋገርና በማየት የሚሠራ ነው፤ ስለ አስተዳደጉ አንቺን ይጠይቃሉ፣ ልጁ ሲጫወትና ሲግባባ ያያሉ፣ ራሱን ችሎ የሚያደርገውን ይመዝናሉ። ይህን የሚጥል በሽታ አይከለክለውም። የመለሱሽ ሰዎች ፍርሃት ግን ከባዶ አልመጣም። ትናንት የወደቀ ልጅ ዛሬ ደንዝዞ ይውላል። መድኃኒት ያቅበጠበጠው ልጅ ካለው በላይ አስቸጋሪ ይመስላል፤ ያደነዘዘው ደግሞ ካለው በታች የሚችል ይመስላል። መፍትሔው ቀኑን መምረጥ ነው እንጂ ልጁን መመለስ አይደለም።

ስለዚህ ተመልሰሽ ሂጂ፣ ወይም ሌላ ዘንድ፣ እንዲህ በያቸው፦ «ሁለቱ አብረው ይታዩልኝ። የመጨረሻ የወደቀው በዚህ ቀን ነው፣ የሚወስደው ይህ መድኃኒት ነው፣ የወሰደውም በዚህ ሰዓት ነው። ዛሬ ልጄ እንደ ልጄ ከሆነ እዩት፤ ካልሆነ ሌላ ቀን ስጡኝ።» ከወደቀ ማግስት አትውሰጂው። በደንብ ካደረና ከበላ በኋላ፣ ቆርኪዎቹን ይዞ ይሂድ። እንዴት እንደሚደረድራቸው፣ አንዷ ስትጠፋ ምን እንደሚያደርግ፣ እጅሽን ይዞ እንደ ዕቃ ይጠቀምበት እንደሆነ መርማሪው ማየት አለበት። ከምርመራው አብረው የማይቀሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ የመስማት ምርመራ ነው፤ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ ጆሮው ሳይታይ ምንም አይባልም። ሁለተኛው ቆዳው ነው። ልብሱን አውልቆ ይታይ። ሆዱ፣ ጀርባው ወይም እግሩ ላይ ከሌላው ቆዳ ነጣ ያሉ፣ ቅጠል የሚመስሉ ምልክቶች ካሉ ለሐኪሙ አሳዪው። ኦቲዝምንም የሚጥል በሽታንም አብሮ የሚያመጣ፣ ቲዩበረስ ስክለሮሲስ የሚባል በዘረመል የሚመጣ ችግር አለ፤ አንዱ ፍንጩ ይህ ነው። ብዙ ልጅ ላይ አይገኝም፣ ማየቱ ግን ገንዘብ አይጠይቅም።

አዲስ አበባስ? አሁን አትሩጪ። የደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍልና የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ከዚያ ጀምሪ። ሁለቱም ክፍሎች ይዩት፣ ሁለቱም በአንድ ካርድ ላይ ይጻፉ። እዚህ የማይሠራ ነገር ካለ ሪፈር በጽሑፍ ተቀበይ። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ የሕፃናት ኒውሮሎጂ (የአንጎልና የነርቭ ሕክምና)፣ የካቲት 12 ሆስፒታል ደግሞ የልጆች የአእምሮ ሕክምና አላቸው። ከሄድሽ ሁለቱን በአንድ ጉዞ እንዲያያይዙልሽ ሪፈር የሚጽፍልሽን ሐኪም ለምኚው። የጤና መድን ካርድ ካላችሁ፣ የሪፈሩን መስመር ሳትዘሉ ስትሄዱ ነው የሚሠራላችሁ፤ ቀጥታ ተነስቶ መሄድ ከኪስ ያስወጣል።

ባለቤትሽ እንዴት ነው? በደብዳቤሽ ውስጥ ብዙም የለም። መንገድ ላይ የሚውል አባት የልጁን ነገር ከስልክ ላይ ከሚሰማው ይልቅ ቢያየው ይሻላል። የቀረጽሽውን ላኪለት። ከቀጠሮዎቹ አንዱ እሱ ቤት በሚገኝበት ቀን ቢሆን ጥሩ ነው። ሁለት ሰው የሰማው የሐኪም ቃል አይዛባም፤ አንቺም «እንዲህ አለ» ብለሽ ለቤተሰብ ስትከራከሪ ብቻሽን አትሆኚም።

ስለ ሴት ልጅሽም አንድ ነገር ልበል። የ11 ዓመት ልጅ ወንድሟ ሲወድቅ ካየች ፈርታለች፣ ባትናገርም። የእሷ ጥፋት እንዳልሆነ፣ እንደማይተላለፍባት በግልጽ ንገሪያት። መቅረጹን ልታግዝሽ ትችላለች፣ ጎበዝ ትሆናለች ብዬም እገምታለሁ። ግን ጠባቂው እሷ እንዳትሆን ተጠንቀቂ። በሳምንት አንድ ከሰዓት፣ ሰኞ ገበያም ይሁን ሌላ ቦታ፣ አንቺና እሷ ብቻችሁን ውጡ። ልጁን አማትሽ ትያዘው፤ ምን ማድረግ እንዳለባት አሁን ታውቃለች።

በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር ብቻ ጀምሪ፤ ደብተሩን፣ ቪዲዮውን፣ የሕፃናት ክፍሉን ቀጠሮ። ኮፍያው እየተለማመደ ይቆይ፣ የቀረው ይደርሳል። ሐኪሙ ቪዲዮውን አይቶ ያለሽን ጻፊልኝ፤ ስለ ሁለቱ ቃላት ምን እንዳለሽ በተለይ።